አባቴ የኩንግ ፉ አስተማሪ ሲመርጥ

ባለፈው ሰሞን ልጄን ኩንግ ፉ ላስመዘግባት ይዣት ስሄድ፣ ከአዳራሹ ጎን ሣር ታጭዶ ኖሮ፣ ዝናብ የነካው የትኩስ ሣር ሽታ ድንገት መጣብኝና ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ሽታ ነበር። ያኔ በከተማችን መሀል የተዘረጋው ያ ሜዳ ሣር ብቻ ስለነበር፣ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቶቹ ይባረሩ፣ ሲሄድ ይመለሱ ነበር፤ እኛም ልጆቹ አብረናቸው እየተባረርን አብረናቸው እንመለስ ነበር።

አባቴ አናጢ ነበር። የእኛ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ታሽጎ በየቤቱ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንዘምርበት ዘመን ስለነበር፣ በቤታችን የሚገባና የሚወጣውን ሰው ሁሉ አጥርቶ የማየት ልማድ ነበረው። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በየማለዳው ቦኖ ውሃ ወረፋ ስይዝ፣ ደምሴ የሚባል የሰፈር ልጅ በትከሻው ገፍቶ እየጣለኝ ባልዲዬን ይደፋብኝ ነበር፤ እኔም እቤት ገብቼ «አደናቀፈኝ» እል ነበር። ስጸልይ ስለ ውሸቴ ይቅርታ እለምንና፣ በዚያው ኩንግ ፉ እንዲያስተምረኝም እግዚአብሔርን እጠይቀው ነበር።

በዚያ ዓመት የበልግ ዝናብ ሲጀምር በከተማው ሁለት አስተማሪዎች ነበሩ። አንደኛው ካሱ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ ጡብ በእጁ የሚሰብር ወጣት ሲሆን፣ ልጁ ሁሉ «ማስተር» ይለው ነበር። ሁለተኛው ጋሽ በየነ ነበር፤ የመንገድ ሥራ መካኒክ፣ ሆዱ ትንሽ ወጣ ያለ፣ ሁልጊዜ ግራሶ የሚሸት ሰው። በወጣትነቱ ሰሜን ውስጥ ቻይኖች መንገድ ሲሠሩ አብሯቸው ውሎ፣ ከአንድ አዛውንት ቻይና ተምሮ ነበር። እኔ የምፈልገው ካሱን ነበርና ለአባቴ ነገርኩት።

«ሴት ልጅ ጠብ ተምራ ምን ትሆናለች?» አለ አባቴ።

«ባልዲው እኮ በየቀኑ በራሱ አይደፋም» አለች እናቴ፣ ከምትልጠው ጎደሬ ላይ ቀና ሳትል። ለካ ታውቅ ኖሯል።

አባቴም፣ «እንግዲያው የሚያስተምራትን ሰው ልየው» ብሎ፣ በሚያዝያ ወደ ገዘር ከተማ መውጫ ላለችው የበቆሎ ማሳችን አረም ደቦ ሲጠራ ሁለቱንም ጠራቸው። በአባቴ እምነት ሰው የሚታወቀው ከጸሎት ቀጥሎ በአረም ነው።

የእኛ ደቦ የሚያሰክረው ቦርዴ የማይጠጣበት፣ የቡና ቅጠል በዝንጅብልና በሚጥሚጣ ተፈልቶ ከቅቅል ጎደሬ ጋር የሚቀርብበት ነበር። ካሱ እንደ ነፋስ መስመሩን ጨርሶ ከሁሉም ቀድሞ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ልቤ በደስታ ዘለለ። ጋሽ በየነ ግን እያንዳንዱን አረም ከሥሩ እየነቀለና አፈሩን እያራገፈ፣ ከብዙዎቹ ሴቶችም ወደ ኋላ ቀረ። መስመሩን ሲጨርስም አልተቀመጠም። እማማ አልማዝ የምትባለዋ ጎረቤታችን ብቻዋን ቀርታ ስለነበር፣ በመስመሯ በሌላው ጫፍ ገብቶ ወደ እሷ እያረመ መጣ፤ መሀል ላይ ሲገናኙ፣ «አረፈድሽ እማማ፣ ቡናው አለቀ» አላት። እሷም፣ «አንተ እያለህ ምን ይተርፋል፣ ሆዳም» አለችው።

አባቴ የካሱን መስመር ተከትሎ ሄዶ፣ ከአረሙ ጋር የተቆረጡ ሦስት የበቆሎ ቡቃያዎች አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ካሱ እንዳልተመረጠ ገብቶኝ ያን ቀን አለቀስኩ።

ግን ገና አላለቀም ነበር። ጋሽ በየነ ተማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው ለአስተማሪው ጎንበስ ብሎ ነው ሲል፣ የአባቴ ፊት ተለወጠ። «ልጄ ለሰው አትሰግድም። ለዚህ ብለን ስንት መከራ አይተናል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ በመንገድ ሽማግሌ ሲያገኙ ምን ያደርጋሉ?»

«ባርኔጣዬን አንሥቼ ዝቅ እላለሁ።»

«እንደዚያው ታድርግ። እኔም ለእሷ ዝቅ እላለሁ።»

አባቴም በመጨረሻ፣ «ባርኔጣ ይገዛላታል ማለት ነዋ» አለ። እንዲህ ሲል ፈቀደ ማለት ነበር።

ሰኔና ሐምሌን በአውሮፕላን ማረፊያው እርጥብ ሣር ላይ አንድም ምት ሳልማር፣ መቆምና መውደቅ ብቻ ስማር ከረምኩ። ጋሽ በየነ ደጋግሞ ትከሻዬን ይገፋኝና፣ «ጉልበትሽ ይለዝብ፤ ግንድ አይደለሽም» ይለኝ ነበር። መስከረም ላይ ደምሴ ቦኖው ዘንድ እንደ ልማዱ ገፋኝ፤ ጉልበቴን አለዝቤ ባለሁበት ቆምኩ። እንደገና ገፋኝ፤ ባልዲዬ ጠብታም አላፈሰሰ።

«ዛሬ ምን በልተሽ ነው?» አለ።

«ጎደሬ» አልኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አሁን በምኖርበት አገር የአስተማሪዎች ምስክር ወረቀት በመስታወት ውስጥ ተሰቅሎ ይታያል፤ ሰው የሚታወቅበት አረም ግን የለም። አባቴም አርፏል። ስለዚህ ልጄን ገና ሳላስመዘግባት፣ እሷን በሁለት ቀን በሰለቻት አግዳሚ ወንበር ላይ እስከ ሦስተኛው ቀን ተቀምጬ አስተማሪዋን አየሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ሌሎቹ ከተሰናበቱ በኋላ፣ አስተማሪዋ ብቻዋን ወደ ኋላ የቀረችው ሕፃን ያቃታትን እርምጃ ከጎኗ ሆና ከመጀመሪያው ስትጀምር አየሁ። እስክትጨርስ ጠብቄ ተነሣሁና፣ ባርኔጣ ባይኖረኝም፣ ዝቅ ብዬ ሰላም አልኳት።