በስፔስ የተገፉ አዝማቾች

የመዝሙር ደብተሩን የተየብኩት እኔ ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ መምራት ስላቃተኝ፣ የመዘምራን ኃላፊያችን «እንግዲያው በጣትሽ አገልግዪ» ብሎ ስልሳ መዝሙር ሰጠኝ። በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ሙኑኪ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። ርዕሱን መሃል ለማድረስ ስፔስ፣ አዝማቹን ገባ ለማድረግ ስፔስ፣ አዲስ ገጽ ለመጀመር ኢንተር። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ያምር ነበር።

ደብተሩ እሁድ ሊታደል፣ ቅዳሜ ጠዋት ፍላሽ ይዤ ሀይ ጀላባ ሰፈር ወዳለ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ፋይሉ እዚያ ሲከፈት ርዕሶቹ ገጹ ግርጌ ወድቀዋል፤ አዝማቾቹ ከግጥሙ ጋር ተደባልቀዋል። 

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አዲስ አበባ ያደገች የዚሁ አገር ሴት ናት። ስክሪኑን አይታ ሳቀች።

«በስፔስ ነው እንዴ እንደ ጋሪ ስትገፊው የከረምሽው? ማሌሽ፣ አይዞሽ።»

ከዚያ ተራ ጽሑፍ ብቻ የሚቀበል ፕሮግራም ከፈተች። ነጭ ገጽ ነው፤ ሌላ ጌጥ የለውም። ጽሑፌን ስትገለብጥበት ድምቀቱም ቀለሙም ረገፈ። ልፋቴ የጠፋ መሰለኝ።

«የቱ ምን እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ምልክት ላድርግ። ለርዕስ ሀሽ፣ ለአዝማች ቀስት። ጮክ በዪ፣ ጄኔሬተሩ አያሰማኝም።»

«ርዕስ» አልኩ።

«ምን?»

«ርዕስ!»

ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁት ሁሉ ዞር አሉ። ፊቴ ጋለ፤ ግን ቀጠልኩ። አሥረኛው መዝሙር ላይ ወረፋ የያዘች አንዲት እናት «አዝማች!» ብላ ቀደመችኝ፤ መዝሙሩን ታውቀው ኖሯል።

ስንጨርስ የማተሚያ ቤቷ ሴት ለኮምፒውተሩ አንድ ትእዛዝ ሰጠችው። ርዕሶቹ ሁሉ መሃል ቆሙ፤ አዝማቾቹ እኩል ገባ አሉ። ባዶ ይመስለኝ የነበረው ነጭ ገጽ ያን ሁሉ ሥርዓት መያዙ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«ጽሑፉ ምን እንደሆነ ብቻ ነው የምትነግሪው» አለችኝ። «የት እንደሚቆም ማሽኑ ይወቅበት።»

ማተም ልትጀምር ስትል ኃላፊያችን ደወለ።

«እህቴ፣ ለእናቶች ፊደሉ ተለቅ ቢል ጥሩ ነበር። ካስቸገረ ግን ይቅር።»

ጠዋት ቢሆን አለቅስ ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ ስነግራት ሴትዮዋ ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋችልኝ። መጠኑ የተጻፈበትን መስመር አገኘሁና አሥራ ሁለቱን ወደ አሥራ ስድስት ቀየርኩ። ስልሳውም መዝሙር አብሮ አደገ፤ ከቦታው የወጣ አንድም አዝማች የለም።

«ይቻላል!» አልኩት።

«እየሰማሁሽ ነው» አለ ኃላፊው፤ «ምን ያስጮኽሻል?»