ነጭ አሳ በኮባ ቅጠል

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ አባቴ ከገጠር ቤታቸው፣ ከቁሐር ሚካኤል ደወሉልኝ። አባቴ ስልክ ላይ ወሬ አያበዙም።

«ዛሬ ገበያ እወጣለሁ። ምሳ አንቺ ዘንድ ነኝ። ነጭ አሳ ካገኘሽ ግዢ» አሉኝና ዘጉት።

አሁን በምሠራበት ወረታ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር አሳ የምትሸጥ ደንበኛ አለችኝ። እርጥብ ጆንያ ላይ ደርድራ፣ ዝንቡን በቅጠል እያባረረች ትቀመጣለች። ዓይናቸው ያልደፈረሰ፣ ሥጋቸው በጣት ሲጫኑት መልሶ የሚነሣ ሁለት ነጭ አሳዎች መረጥኩ።

«ቆሮሶ ብትወስጂ አይሻልሽም? አጥንቱን አውጥቼ ሥጋውን ብቻ እሰጥሻለሁ» አለችኝ።

«አይ፣ ነጩ ይሁንልኝ።»

«የዚህ አጥንቱ እኮ መርፌ ነው! እንግዳ ካለብሽ ታፍሪያለሽ።»

ለምን እንደፈለግሁት ልነግራት አሰብኩ። ግን ከኋላዬ ሰዎች ቆመው ነበር፤ እኔ ደግሞ ብዙ ጆሮ ባለበት ምላሴ ይተሳሰራል። ፈገግ ብዬ አሳዬን ተቀበልኩና ሄድኩ። እሷ ዘንድ ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ሲኖር ወረታ ቤት ተከራይቼ እማራለሁ፤ ክረምቱን ግን ቁሐር ከቤተሰቦቼ ጋር ነኝ። ክረምት ላይ የእኛ አገር መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ ጉልበታችን ድረስ እየሰመጥን ነው ወደ ከተማ የምንወጣው። ሜዳው በውኃ ተሸፍኖ፣ ሩዙ ከውኃው በላይ አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ግን ያ ሁሉ ድካም ይረሳል።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ አባቴ የሩዝ ማሳ ሲያርሱ ወደቁ። ፊታቸው በጭቃ ተለውሶ ወደ ቤት ሲገቡ እማዬ ጮኸች። እሳቸው ግን ሳቁባት። «ጭቃው አዳልጦኝ ነው። ጭቃ ያላዳለጠው ገበሬ ታውቂያለሽ?» አሏት። እማዬ አላመነችም። በሳምንቱ እኔን አስከትላ ወረታ ጤና ጣቢያ ላከቻቸው።

ነርሷ ደም ግፊታቸውን ለካች። ፊቷን ኮስተር አድርጋ እንደገና ለካች። ክኒን ከሰጠቻቸው በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ተማሪ ነሽ፣ አንቺ ስሚኝ። ጨው ይቀንሱ። ዘይትና ቅቤም ይቀንሱ። አሳ እንደሆነ አገራችሁ ሞልቷል፣ አሳ ይብሉ። በዘይት አጥልቃችሁ ግን አትጥበሱላቸው።»

ቤታችን ሲታይ አባቴ፣ «ጨው የሌለው ወጥ የበሽተኛ ነው። እኔ በሽተኛ አይደለሁም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ገበታችን ጭቅጭቅ ሆነ። እማዬ ጨው አሳንሳ ስታቀርብ፣ አባቴ ተነሥተው ከጨው ዕቃው ይቆነጥሩና የእንጀራው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣሉ። እማዬ የጨው ዕቃውን ስትደብቅ ደግሞ፣ «ጠግቤያለሁ» ብለው ከሁለት ጉርሻ በኋላ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ሸሚዛቸው እየሰፋቸው መጣ። ክኒኑ ግድግዳው ላይ ከነመጠቅለያው ተሰክቶ ተቀምጧል፤ የሚነካው የለም። እማዬ ከእኔ ጋር ስትሆን፣ «ጨውም ይገድለዋል፣ ረሃብም ይገድለዋል፤ ምን ላድርግ?» እያለች ታለቅሳለች። እኔም አብሬያት እቀመጣለሁ።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ የተኛበት ሰሞን ነበር። የእማዬ ወንድም አጎቴ ሞላ መረቡን ጥሎ ያገኘውን ነጭ አሳ በገመድ ሰክቶ ይዞልን መጣ።

«እህቴ፣ ዘይቱን ጣጂ! ዛሬ ቤቱ ቸስ ይበል!» አለ ገና ከደጅ።

በእኛ ቤት አሳ የሚሠራው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። ጎንና ጎኑ በስል ቢላ ጠጋ ጠጋ ተደርጎ ይተለተላል፣ ጨው ይታሻል፣ ከዚያ ዘይት ውስጥ ገብቶ ኩርሽም ኩርሽም እስኪል ይጠበሳል። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ጠይቄ አላውቅም።

«እማዬ፣ ዛሬ እኔ ልሥራው» አልኩ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፌ ስለማይወጣ ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ሐሳቡ የመጣልኝ ጓሯችን ያለውን ኮባ ሳይ ነው። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ያለ ዘይት ከበሰለ፣ አሳውስ ለምን አይበስልም?

አሳውን ቅርፊቱን ፋቅሁ፣ ሆድ ዕቃውን አወጣሁ፣ በሎሚ ደጋግሜ አጠብኩ። ሆዱ ውስጥ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀጭን ቀጭን የተከተፈ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ትንሽ ጦስኝ አደረግሁ። በጨው ፋንታ ሎሚ አበዛሁበት። የኮባውን ቅጠል እንዳይሰነጠቅ እሳት ላይ ለብ አድርጌ አለሰለስኩና አሳውን ጠቀለልኩበት። ከዚያ ሸክላ ድስት ውስጥ አስተኝቼ፣ ከሥርም ከክዳኑም ላይ ፍም አደረግሁ።

«ዳቦ ነው እንዴ የምትጋግሪው?» አለች እማዬ። አልከለከለችኝም ግን።

ጥቅሉ ገበታ ላይ ሲፈታ እንፋሎቱ ተነሣ። ሎሚው፣ ጦስኙ፣ የተለበለበው ቅጠል፣ ሁሉም አንድ ላይ ሸተተ። ሥጋው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ፣ እንጀራ ገና ሲነካው ይላቀቃል።

«ትርንጎ፣ ይሄ አሳ አራስ ነው እንዴ?» አለኝ አጎቴ ሞላ። «በቅጠል ጠቅልለሽ ያስተኛሽው!»

አባቴ አልሳቁም። አንድ ጎረሱ። ደገሙ። እጃቸውን እያየሁ ነበር፤ ወደ ጨው ዕቃው አልሄደም። ሦስተኛው ጉርሻ ትልቅ ነበር፤ እንደ ድሮው፣ ደህና ሳሉ ይጎርሱት እንደነበረው። እማዬ በጉልበቷ ነካ አደረገችኝ። ደስታዋ ነው።

ወዲያው አባቴ ቀጥ አሉ። እጃቸው ጉሮሯቸውን ያዘ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አንተ ሰው!» እማዬ ተነሣች። አጎቴ ጀርባቸውን ይመታል። እሷ ደረቅ እንጀራ ጠቅልላ አፋቸው ውስጥ ከተተች። «ዋጥ! ሳታላምጥ ዋጥ!»

ዋጡ። ሳሉ። እንደገና ዋጡና በረጅሙ ተነፈሱ። አጥንቱ ወርዷል።

ነጭ አሳ ለምን ኩርሽም እስኪል እንደሚጠበስ ያን ጊዜ ገባኝ። ሥጋው መሐል የተሰገሰገውን ቀጫጭን አጥንት የሚያደቅልን ቢላውና የፈላው ዘይት ነበሩ፤ እኔ ሁለቱንም ትቼ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ዘይት ያልነካው አሳ እቤቴ አይገባም!» አለች እማዬ። «ግፊቱ ያልገደለውን ሰው እኛው በአጥንት ልንገድለው!» ቅል አነሣችና ላም ለማለብ ወጣች። አጎቴ ሞላም ቀልዱ ጠፍቶበት መረቡን ተሸክሞ ሄደ።

እኔ ቀና ማለት አቅቶኝ ቅጠሉን ከነአሳው መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ተይው» አሉ አባቴ።

«አባዬ፣ አጥንቱ...»

«የእኔ ዓይን ደክሟል፣ ያንቺ ደህና ነው። አንቺ አጥንቱን ፈልጊ፣ እኔ እበላለሁ። ጣሙ ጥሩ ነው።»

ተቀመጥኩ። የነጭ አሳ አጥንት ጫፉ እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በዓይን ብቻ አይገኝም። ሥጋውን በጣት መሐል ቀስ አድርጎ መዳሰስ ያስፈልጋል። አንዱን ቁራሽ አጥርቼ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ ይበላሉ፤ የሚቀጥለው እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ከአባቴ ጋር ብቻዬን ያን ያህል ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ሁለታችንም ዝምተኞች ነን፤ ሁልጊዜ ከሁለት አንዳችን ተነሥተን የምንሄድበት ሥራ አናጣም። ያን ቀን ግን አሳው ያዘን።

«ጭቃው አላዳለጠኝም» አሉ።

ዓይኔን ከአሳው አላነሣሁም። ባነሣ የሚያቆሙ መሰለኝ።

«ዓይኔ ጨለመብኝ። ስነቃ በግንባሬ ጭቃ ውስጥ ተደፍቻለሁ። ቡሬና ዳልቻ ቀንበሩን እንደተሸከሙ ቆመው ይጠብቁኛል። እርፉን ለቅቄባቸው እንኳ አልሄዱም። ምን ያህል እንደቆሙ እንጃ።» ቀጣዩን ቁራሽ ጎርሰው፣ ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡ። «ፈርቻለሁ፣ ትርንጎ።»

ይህን ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። አፌ ላይ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ክኒኑን ላምጣልዎ?»

«አምጪው» አሉ።

እማዬ ወተቱን ይዛ ስትመለስ አባቴ ክኒኑን በውኃ እየዋጡ አገኘቻቸው። በር ላይ ቆመች። ስለ ዘይቱ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ቀስ በቀስ ሌላም አሠራር ለመድኩ። ካሮትና ድንች ከሥር አንጥፎ አሳውን በእንፋሎት ማብሰል፣ ከጭንቅላቱ ቀጭን ሾርባ ማውጣት፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት አሽቶ ፍም ላይ መጥበስ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ ይህን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ ለዘወትሩም አጥንቱ በቀላሉ የሚወጣው ቆሮሶ ይበቃል እላቸዋለሁ። ነጭ አሳ ለሌላ ቀን ነው። ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል አባቴ ነጭ አሳ አምጥተው አሠሩኝ፤ ሦስት አራት ቁራሽ ከበሉ በኋላ፣ ርቄ መሄዴ እንቅልፍ እንደነሣቸው ነገሩኝ። በሬያችን ዳልቻ አርጅቶ ሊሸጥ ሲልም እንዲሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ጫማቸውን ደጅ አራገፉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ተቀመጡ። ቅጠሉን ፈታሁት። ቀመሱና እንደ ልማዳቸው፣ «ጨው ረስተሻል» አሉ።

«አልረሳሁም» አልኩ እንደ ልማዴ።

አጥንቱን መፈለግ ጀመርኩ። ለምን እንደመጡ አልጠየቅሁም። ሰው መናገር ሲያቅተው ምን እንደሚረዳው ከራሴ አውቃለሁ፤ እጅ የሚይዝ ሥራና ዓይኑን የማያፈጥበት ሰው ነው። ጣቴን ሆን ብዬ አዘገየሁት።

«ሰሞኑን ደግሞ ያ ነገር ጀምሮኛል» አሉ በመጨረሻ። «የዓይን መጨለሙ። ሰኞ ሐኪም ዘንድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ሰኞ የሥራ ቀን ነው፤ አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄ ደግሞ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ድፍረቱ አልነበረኝም።

«እሄዳለሁ፣ አባዬ» አልኩና የጠራውን ቁራሽ በእንጀራ ጠቅልዬ አጎረስኳቸው።