መርፌው የወለቀው መኪና

ቅጣው ቀኝ እጁን በጨርቅ ቅዳጅ ከስፌት መኪናው እጀታ ጋር አስሮ መርገጫውን መርገጥ እንደ ጀመረ ጎረቤቱ ተናኘ በሩን ገፍታ ገባች።

«አያ ቅጣው! በኅዳር ሚካኤል ትሰፋለህ? ያለብህ ሕመም አንሶህ ነው?»

ቅጣው እግሩን ሰበሰበ። እጀታው ቆመ።

በሰቆጣ ገበያ ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍቷል። በ1995 ዓ.ም. ቀኝ ክንዱ ከዳው፤ መቀስ ከእጁ ይወድቅ ጀመር። አዲስ አበባ ያየው ሐኪም ሕመሙ መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባል የነርቭ ሕመም እንደ ሆነ፣ ጨርሶም እንደማይድን ነገረው። የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደግሞ በውጭ አገር ክንድ ይዞ የሚያንቀሳቅስ ሮቦት እንዳለ አጫወተችው።

«እኛ ጋ የለም። እርስዎ ቤት የሚዞር ነገር ምን አለ?»

«የስፌት መኪና።»

«እንግዲያው መዘውሩ ላይ እጀታ ያስገጥሙለት። እግርዎ ያዙረው፤ ክንድዎ ግን ዝም ብሎ አይጎተት፣ ያግዝ። ቀስ እያሉ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት።»

ችግሩ «በየቀኑ» ያለችው ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም፤ የወሩ እኩሌታ በዓል ነው። ከተናኘ ቁጣ በኋላ ቅጣው በበዓል ቀን መኪናውን መንካት ተወ። በወሩ ክንዱ ደርቆ አልታጠፍ አለ። ጥምቀት ቀርቧል፤ ጨርቅ መቁረጥ ካልቻለ ደንበኞቹ ወደ ሌላ ልብስ ሰፊ መሄዳቸው ነው።

ሚስቱ ጥሩሐረግ በታኅሣሥ ሚካኤል ጠዋት የንስሐ አባታቸውን መምሬ ገብረ ኪዳንን ይዛ መጣች። ተናኘም ፍርዱን ልትሰማ ተከትላ ገባች።

መምሬ ጎንበስ ብለው መኪናውን አዩት።

«መርፌውን አውልቀው።»

ቅጣው በግራ እጁ አወለቀው።

«ክሩንም። በል እርገጥ።»

ቀኝ እጁን ከእጀታው ጋር አስሮ ረገጠ። እጀታው ዞረ፤ ክንዱም አብሮ።

«ምን ሰፋ?» አሉ መምሬ ወደ ተናኘ ዞረው።

«ምንም፣ አባቴ። ጩኸቱ ግን የስፌት ነው።»

«ጩኸቱማ ዘይት አጥቶ ነው። በሽተኛ ክንዱን ማንሳት ከተከለከለ፣ እንዴት አድርጎ ሊያማትብ ነው?» መርፌውን ከቅጣው ተቀብለው ለተናኘ ሰጧት። «በየበዓሉ ዋዜማ እየመጣሽ ውሰጅ። በማግስቱ ትመልሽለታለሽ።»

ተናኘ መርፌውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች።

ቅጣው ለጥምቀት ያደረሰው አራት ቀሚስ ብቻ ነበር። አራቱንም የቆረጠው በቀኝ እጁ ነው። በ2000 ዓ.ም. እግሮቹም ደከሙ፤ ከዚያ በኋላ ክንዱ እንዲዞር መርገጫውን በእጇ የምትገፋለት ጥሩሐረግ ነበረች።