ዋስ የሆነችው ሌላ ናት

ልጄ የአውሮፕላን ጥገና ሥራ በያዘች ሰሞን፣ አንድ እሑድ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ለምስክርነት ቆመ። ሶዶ እኛ በምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ከስብከት በፊት ነው፤ ታሞ የዳነ፣ ፈልጎ ያገኘ ይቆማል፣ ጉባኤው አሜን ይላል። ድምፅ ማጉያውን ሲይዝ አየሁትና ምን ሊል እንደሆነ ገባኝ።

«የሟች ወንድሜ ልጅ ዛሬ አውሮፕላን ትጠግናለች» አለ። «አባት የላትም። ግን እኛ ቤተሰቦቿ ከጎኗ ቆምን፣ ዋስ ሆንን፣ ጌታም በሩን ከፈተ!»

እልልታው ቀለጠ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሚስቱ ጉልበቴን ነካ አድርጋ «እልል በዪ እንጂ» አለችኝ። አፌን አልከፈትኩም።

«ዋስ ሆንን» ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ለአውሮፕላን ጥገና ሥልጠና ፈተናውን ያለፈ ሰው ዋስ ያቀርባል። ሠልጣኙ ጥሎ ቢጠፋ ወጪው ከዋሱ ደመወዝ ይቆረጣል። እኔ ጉኑኖ ላይ የገበሬ ልጆች ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጡረተኛ ዋስ አይሆንም ተባልኩ። ከዘመዶቻችን ደህና ደመወዝ የነበረው እርሱ ብቻ ነው።

ልጄ ፈተናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈች ጊዜ ቤቱ ሄድን። ሥጋ በዳጣ እየበላ ነበር። «ቅረቡ» እንኳ አላለንም።

«ጋሼ፣ እስከ ዓርብ ዋስ ካላቀረብኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል» አለችው ልጄ ቆማ።

ሳቀ። «አውሮፕላን የሚጠግን ባል ብትፈልጊ አይቀልሽም? ያኔ ዋስ ሳይሆን ሽማግሌ እሆንልሻለሁ።»

ሚስቱም ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሴት ልጅ ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ ትተዋለች። ደመወዜ ሲቆረጥ አንቺ ታበዪኛለሽ?»

ወንድሙ በታመመ ጊዜ አልጋው አጠገብ ቆሞ «ልጅህ ልጄ ናት» ያለው ይኸው ሰው ነው። በሕይወቴ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ያን ቀን ለመንኩ። እጁን ታጥቦ ወደ ጓዳ ገባ። ዓርብ መጣ፣ ቦታው ለሌላ ሰው ሄደ።

ልጄ የምሕንድስና ዲግሪዋን ይዛ የአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ካለ ብረታ ብረት ቤት ገባች። በርና መስኮት ስትበይድ ዓመታት አለፉ። እርሱ በመኪናው ሲያልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እንዴት ነው ኤርፖርቱ?» ይላት ነበር። በኋላ አዲስ ቤት ሲሠራ የግቢውን በር እዚያው አዘዘ። ዛሬም የሚዘጋውና የሚከፍተው እርሷ የበየደችውን በር ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ተወዳድራ ስታልፍ ደስ አላለኝም። ዋሱ ትዝ አለኝ። ከኋላ ባለው ክፍሌ ከጎንደር ተመድባ የመጣች የሆስፒታል ላብራቶሪ ሠራተኛ ተከራይታለች። ልብሷን ስታሰጣ የልጄን ለቅሶ ሰማች።

«እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም? እኔ ደመወዝተኛ አይደለሁም እንዴ?»

«ብትጠፋስ?» አልኳት።

«ትጠፋለች?»

«አትጠፋም።»

«በቃ።»

በማግሥቱ ሄዳ ፈረመች። ልጄ ሥልጠናውን ጨርሳ አዲስ አበባ ሥራ የያዘችው በዚህች ልጅ ፊርማ ነው።

እንግዲህ ያን እሑድ እርሱ ወደ ወንበሩ ሲመለስ እኔ ተነሣሁ። የፕሮግራም መሪው «አጭር ይሁን እህቴ» አለኝ።

«አጭር ነው» አልኩ። «ጌታ ይባረክ። ለልጄ ዋስ የሆነችው የኋላ ክፍሌን የተከራየች የጎንደር ልጅ ናት። አሁን ይህን ስናገር እርሷ ነጠላዋን ለብሳ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለችው። ወንድማችን ተለምነው እምቢ ብለዋል፤ ያኔ ልጄ ቦታውን አጥታለች። ምስክርነት እውነት መሆን ስላለበት ነው የቆምኩት።»

አሜን ያለ ሰው የለም። መሪው ቶሎ ብሎ መዝሙር አስነሣ።

ውጭ በሩ ላይ የባለቤቴ ወንድም ጠበቀኝ። «የወንድሜ ሚስት፣ ይህን ቤት ውስጥ መነጋገር አንችልም ነበር?»

«ቤት ውስጥማ ተነጋግረናል ጋሼ። ሥጋ እየበሉ ነበር።»

ምሳ ሳልበላ ወሬው አዲስ አበባ ደርሷል። ልጄ ደወለች። «እማ፣ ለምን? እኔ እኮ ይቅር ብዬዋለሁ።»

«አንቺ ይቅር በዪው» አልኳት። «እኔን ግን የጠየቀኝ የለም።»

«ሥራ ገባሁ፣ ቻው» ብላ ዘጋችው። እሑድ ሥራ መግባቷ እውነት ይሁን ማምለጫ አልጠየቅኋትም።

አሁን ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ልጄ ፈቃድ ወስዳ ትመጣለች። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። ይምጡ። የበዓሉ ምግብ ሙቿው ቅቤ ጠጥቶ ይጠብቃቸዋል፣ ተከራይዬም አጠገቤ ትቀመጣለች። እርሱ ግን ከመምጣቱ በፊት ያንኑ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ በዚያው ጉባኤ ፊት፣ «ዋስ አልሆንኩም» ይበል። ያን ቀን እልል እላለሁ።