የፈረሙባት ጋሪ

ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ላይ ዝገት ሲፈልጉ የኖሩ መሐንዲስ ዳንግላ ምን አመጣቸው? ባለጋሪው ወገኔ ይህን ደጋግሞ ራሱን ይጠይቃል። ሰውዬው ክረምቱ ሲወጣ መጥተው ከወገኔ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ቤቱን ሲያዩ እንኳ ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩ እንጂ ወለሉን አላዩም። ከሸሚዛቸው ኪስ አጉሊ መነጽር አይለይም።

የአንድ ጎረቤት ሠርግ ዕለት ጠዋት ወገኔ ጋሪውን አዲስ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ሙሽራዋን ሊያመጣ ተነሣ። ሰውዬው ከጋሪው ሥር ጎንበስ አሉ፤ ብረቱን በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አሸተቱት።

«ዝገቱ ላይ ነው የቀባኸው። ቁስል ሳይታጠብ ይታሰራል?»

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ አትበርም።»

«መውደቅ ግን ትችላለች።»

ወገኔ ሳቀ። ቀለሙ ሲፋቅ ግን ጎማውን ከያዙት ብሎኖች አንዱ ተበልቶ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ ተገኘ፤ ሳቁም እዚያው ቀረ። አብረው ፈገፈጉ፣ ብሎኑን ለወጡ፣ ግራሶ ቀቡ።

«አሁን ሂድ» አሉት።

«እርስዎ ደግሞ ጋደም ይበሉ፤ ደክመዋል።»

«እኔ ትብረር ብዬ የፈረምኩባት ሳታርፍ ተኝቼ አላውቅም።»

ቀኑን ሙሉ በር ላይ በርጩማ አውጥተው፣ ምሳም ሳያምራቸው፣ መንገድ መንገዱን ሲያዩ ዋሉ። ሲመሽ ወገኔ ሙሽራዋን በደኅና አድርሶ ባዶ ጋሪውን እየነዳ ገባ። ሰውዬው ብሎኑን ዳሰስ አድርገው ወደ ክፍላቸው ዘለቁ። ወገኔ ፈረሱን ፈትቶ ሳይጨርስ ማንኮራፋታቸው ግቢውን ሞላው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።