ፊቱን ወደ በር አድርጎ የሚቀመጥ ሰው

ባለፈው ወር የሚከራይ ቤት ፍለጋ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ወዳለችው ዘንዘልማ ሄጄ ነበር። ባጃጁ ያወረደኝ ትናንት የጤፍ ማሳ የነበረ፣ ዛሬ የብሎኬት ክምርና ጭቃ የሞላው መንደር ውስጥ ነው። ደላላው ከፊት ከፊቴ እየተጣደፈ አንድ ግቢ አስገባኝ። ሁለቱ ክፍሎች ደኅና ናቸው፤ ውሃም ይመጣል አሉ። ነገርን በቅደም ተከተል ማየት ስለምወድ ከክፍሎቹ ቀጥዬ ሽንት ቤቱን ለማየት ሄድሁ። በሩን ልገፋ እጄን ስዘረጋ ግን ደርቄ ቆምሁ። በሩ የተሠራው ከአሮጌ የማስታወቂያ ቆርቆሮ ነው። ዝገት ግማሹን ቢበላውም ሰማያዊው ፊደል ይነበባል፤ «ሮልፍ ዓለም አቀፍ የዓሣ ልማት ማእ…» ይላል። የቀረው በማጠፊያው ሥር ገብቷል።

ያን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የመለስሁት እኔ ነኝ። በሩን አየሁና፣ ሰውዬው በመጨረሻ ለአገራችን የሚጠቅም አንድ ነገር ትቶ ሄዷል ማለት ነው አልሁ።

ማብራራት እንደምወድ ተማሪዎቼ ያውቃሉ፤ ስለዚህ አስቀድሜ አንድ ነገር ላብራራ። ቪዛ ማለት አንድ አገር ለእንግዳው የሚሰጠው የጊዜ ልክ ነው። «ግባ፣ ይህን ያህል ሰንብት፣ ከዚያ ውጣ» እንደ ማለት ነው። ልኩ አልፎ የቀረ ሰው፣ የማንንም ዶሮ ባይሰርቅ እንኳ፣ በየማለዳው ሲነቃ ጥፋቱ አብሮት ይነቃል። ቅጣቱ በየቀኑ ይጨምራል። ቅጣቱን ሳይከፍል መውጣት አይችልም፤ መውጣት ስላልቻለ ይቆያል፤ ስለቆየም ቅጣቱ ይጨምራል። ልክ እንደ ዓሣ ወጥመድ ነው፤ አገባቡ ቀላል፣ አወጣጡ ጭንቅ። ሕጉ በብዙ አገር ተመሳሳይ ነው። የማይመሳሰለው ሰው ለሰው የሚያሳየው ፊት ነው።

የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቴን እንደጨረስሁ ክረምቱን በጀልባ መሳፈሪያው አካባቢ ለጎብኚዎች በማስተርጎም አሳለፍሁ። ፈረንጁን ሮልፍን ያገኘሁት ጋሸ ሙሔ ግቢ ነው። ጋሸ ሙሔ በሐይቁ ዳር ጀልባ የሚሠሩ፣ ቃላቸው ጥቂት፣ እጃቸው ሁልጊዜ የእንጨት ፍቅፋቂ የሚሸት ሰው ነበሩ። ሚስታቸው እትዬ ዘሐራ ዓሣ ይጠብሳሉ። ሮልፍ ከእነርሱ አንዱን ክፍል የያዘው «ለሁለት ሳምንት» ብሎ ነበር። እኔ ስደርስ ያለፈውን ክረምት ከርሞ፣ መስከረምን አይቶ፣ ሁለተኛውን ክረምት ጀምሯል። ከመጥበሻው ትልቁ ቀረሶ ዓሣ የሱ ነው። አጥንቱን እየለቀመ፣ በሐይቁ ዳር ስለሚያቆመው የዓሣ ፋብሪካ ያወራል። እኔም አፌን ከፍቼ እተረጉማለሁ።

ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ይለዋል። ዶክተርነቱን ማን እንደሰጠው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ምናልባት መነጽሩ ይሆናል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ደምሴ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የፊተኛውን ወንበር ያስይዙለታል። ስለ ጉድጓድ ውሃም ይሁን ስለ ውሻ ክትባት ሮልፍ ተነሥቶ ሁለት ቃል ይናገራል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ያን ቆርቆሮ ያስጻፉትና የጋሸ ሙሔ አጥር ላይ ያሰቀሉት ሊቀመንበሩ ናቸው። ማእከሉ ያ ቆርቆሮ ነበር። ሌላ ክፍል አልነበረውም።

ሥርዓት ስለምወድ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ጋሸ ደምሴ፣ ይህ ሰው ቀበሌ ተመዝግቧል ወይ? እስከ መቼ ነው የሚቆየው?»

«አንተ ልጅ!» አሉኝ፤ ከንፈራቸውን ነክሰው። «እንግዳን መቼ ትሄዳለህ ማለት ነውር እንደሆነ እናትህ አልነገረችህም?»

ነግራኛለች። ግን እንግዳ የመጣ ዕለት ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው የሚለውንም ነግራኛለች። ይኼኛው ዓመት አልፎት እንኳ ወርቅነቱ አልለቀቀውም።

ሰውዬው አንዳንድ ጠባይ ነበረው። ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ቁንዝላ ሲሄድ የመኪናውን መንገድ ትቶ በጀልባ ነው። ወደ ከተማው ሆቴሎች ድርሽ አይልም። ፎቶ ያነሣል እንጂ አይነሣም። ሲበላ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ እየዘረዘርሁ አብራራለሁ፤ በጀልባ የሚሄደው ሐይቁን ስለሚወድ፣ ሆቴል የማይገባው ትሑት ስለሆነ፣ በሩን የሚያየው ብርሃኑን ስለሚመርጥ ነው እያልሁ። ዛሬ ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ቢሰጠኝ ዜሮ እሰጠዋለሁ።

ሐምሌ ሲገባ የጋሸ ሙሔ ልጅ ሰዓዳ ከዐረብ አገር ተመለሰች። ተመለሰች ማለት መለሷት ነው። የሄደችው በጉብኝት ቪዛ ነበር። የቪዛው ቀን ሲያልፍ የላካት ደላላ ስልኩን ዘጋ፤ ሦስት ዓመት ሰው ቤት እያጸዳች ተደብቃ ኖረች። በመጨረሻ በአፈሳ ተያዘች። ወለል ላይ አደረች፤ አሻራዋን ሰጠች፤ ሁለተኛ እንዳትገባ ተብላ አውሮፕላን ላይ ወጣች። ባሕር ዳር የገባችው አንድ ፌስታል ይዛ ነው። ዝናቡ እየወረደ እናቷ እየሮጡ ወጥተው ነጠላቸውን ሲያለብሷት እዚያው ነበርሁ።

በማግስቱ አቶ ደምሴ ከነማኅተማቸው መጡ። እንግዳ የማይጠየቅበት አገር ሊቀመንበር ልጅቱን አስቀምጠው ጠየቋት። ስንት ዓመት ቆየሽ? ለምን በጊዜሽ አልወጣሽም? ከማን ጋር ነበርሽ? በሽታስ ይዘሽ አልመጣሽም? የመጣችው ወደ ተወለደችበት ቤት መሆኑ ጭራሽ ትዝ ያላቸው አይመስልም። ጎረቤቱም አልቦዘነም። «የሽርሽር ቪዛ» የሚል ስም አወጣላት። ከእናቷ ጋር ዓሣ ይዛ ስታልፍ «ሽርሽር እንዴት ነበር?» ይሏታል። እሷም መልስ አታጣም። «ጥሩ ነበር፤ አንተን የመሰለ አላየሁበትም» ትላለች። አባቷ ግን ሰምተው እንዳልሰሙ መጥረቢያቸው ላይ ያቀረቅራሉ። የልጃቸው ስም በየደጁ ሲጎተት እየከሱ ሄዱ።

ሮልፍም አስተያየቱን ሊነፍገን አልፈለገም። አንድ እራት ላይ የእትዬ ዘሐራን ዓሣ አፉን ሞልቶ «ሕግ ሕግ ነው» አለ። «የሰው አገር ሲኬድ የአገሩን ሥርዓት ማክበር ያስፈልጋል።» ተረጎምሁት። ሰዓዳ ሳህኑን እያነሣች ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን እሷን አያይም ነበር፤ ውጪ ውሻ ጮኾ ስለነበር በሩን ነበር የሚያየው። ያን ጊዜ አንድ ነገር እንደገባት ያወቅሁት ኋላ ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሮልፍ ሰዓዳን ላግባ አለ። እዚህ አገር ያገባ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠዋል ብሎ የሆነ ሰው እንደነገረው ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሰፈሩ ፍቅር ነው አለ። «የሽርሽር ቪዛ» ያሏት አፎች በአንድ ሌሊት «ዕድለኛ» አሏት። የሚያስቀው ደግሞ አለማፈራቸው ነው። እናቷ «ልጄ፣ የሰው አፍ እንኳ ይዘጋልሽ ነበር» ብለው አለቀሱ። አባቷም ወደ እሺታ ያዘነብሉ ነበር። ሰዓዳ እንቢ ብትል የአባቷን አንገት ለሁለተኛ ጊዜ ልታስደፋ፣ እሺ ብትል ለአንድ ሸሺ መደበቂያ ልትሆን ነው።

በእሑድ ሽማግሌ ሆነን ሄድን፤ ሊቀመንበሩ፣ አንድ ጡረተኛ የፋብሪካ ዘበኛና ለቋንቋ ብለው የጨመሩኝ እኔ። በእኛ አገር ሽማግሌ ቆሞ ይናገራል፤ ጉዳዩ ከተወደደ ነው ተቀመጡ የሚባል። አግቢው ራሱ ደግሞ አይመጣም። ሮልፍ ግን መጣ፤ መጣና እንደ ልማዱ ከግድግዳው ሥር፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀመጠ። እኛ ቆመናል።

«ጋሸ ሙሔ፣ ትልቅ ሰው ቤትዎን መርጧል» አሉ አቶ ደምሴ። «ሃይማኖቱንም እቀበላለሁ ብሏል።»

«ሃይማኖት እንደ ካፖርት አይደረብም» አሉ ጋሸ ሙሔ፤ ቀስ ብለው። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ጎረቤት አጥር ሄደ። «ቢሆንም ልጄ ትጠየቅ።»

ሰዓዳ ከጓዳ ወጣች። እጇ ላይ ዱቄት ነበር።

«ይበልጣል፣ የምለውን ሳታሳምር ተርጉምልኝ» አለችኝ።

«ሴት ልጅ በሽምግልና መካከል…» ብለው ሊቀመንበሩ ጀመሩ።

«ጋሸ ደምሴ፣ ባለፈው ሊመዘግቡኝ ሲመጡ እስኪደክመኝ አስወርተውኛል። ዛሬ ትንሽ ቢያስጨርሱኝ ምን ይጎድልብዎታል?» ወደ ሮልፍ ዞረች። «እሺ ብዬዋለሁ በለው። ነገ ጠዋት አብረን ኢሚግሬሽን እንሂድ፤ ስንመለስ ኒካሁ ይታሰር።»

ተረጎምሁ። ሮልፍ ፈገግ እንዳለ ቀረ። ነገ ቁንዝላ ቀጠሮ እንዳለው ነገረኝ።

«ደግ። ቁንዝላም አብሬው እሄዳለሁ። በመኪና ግን፤ ኬላው ላይ ወርደን ለፖሊሶቹ ሰላም እንላለን።»

መንገዱ ወገቡን ያምመዋል አለ። ሰዓዳ ሳቀች፤ ክፋት የሌለበት፣ ድካም ያለበት ሳቅ ነበር።

«አባዬ፣ ይህ ሰው ሐይቁን ወዶ አይደለም በጀልባ የሚሄደው፤ ጀልባ ላይ ፓስፖርት የሚጠይቅ ስለሌለ ነው። ሆቴል የማይገባው እዚያ ስለሚመዘግቡት ነው። ፎቶ የማይነሣውም ለዚያው ነው። ሲበላ አይታችሁታል? ሦስት ዓመት እንዲህ ነው የበላሁት፤ በሩን ሳላይ አንዲት ጉርሻ አልዋጥሁም። እኔ ስንት ዓመት ቆየሽ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ይኼኛውንስ ማን ጠየቀው?»

ማንም አልጠየቀውም ነበር። እኔ ያን ጊዜ ጠየቅሁት። የቪዛው ቀን መቼ አለፈ አልሁት በእንግሊዝኛ። ሮልፍ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና፣ እናንተ አገር ሰዎች ለእንደዚህ ዓይነት ጥቃቅን ነገር አይጨነቁም መስሎኝ ነበር አለ። ሳላሳምር ተረጎምሁት።

ጋሸ ሙሔ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እኛን ተቀመጡ አላሉንም።

«ይበልጣል፣ ለእንግዳው ንገርልኝ» አሉ። «እንግዳን መቼ ትሄዳለህ አይባልም፤ እኔም አልልም። የጎርጎራው ጀልባ ግን ነገ ማለዳ ይነሣል።»

በማለዳው ጀልባ ሄደ። እትዬ ዘሐራ የመንገድ ዳቦ ቋጥረው ሰጡት፤ እሳቸው እንዲህ ናቸው፤ ዳቦውን ሳያመሰግን ተቀበለ። ጎንደር ገብቶ ራሱ እጁን እንደሰጠ፣ ዘመዶቹ ቅጣቱን ልከው እንደከፈሉለት፣ ወንበር ተስቦለትና ሻይ ታዞለት እንደተሸኘ ኋላ አቶ ደምሴ በአድናቆት አወሩልን። ሰዓዳ በዚያው ጥፋት ወለል ላይ ያደረችውን ያወራ ግን አልነበረም። ይልቁንም አዲስ ስም ወጣላት፤ «ባለ ሀብት አባራሪዋ» ተባለች። ያልተሠራው ፋብሪካ፣ ያልተቀጠሩት ሠራተኞች፣ ሁሉም የሷ ዕዳ ሆኑ። ሰው ያሞኘውን ይቅር ይላል፤ ያነቃውን ግን አይምርም።

የዘንዘልማው ሽንት ቤት በር ላይ ቆሜ ይህን ሳስብ ባለቤቱ ከኋላዬ መጡ። ጠጉራቸውን ቀለም ነክረውታል፤ አወቅኋቸው። አቶ ደምሴ ነበሩ። እሳቸው አላወቁኝም።

«ከየት ነህ? መታወቂያ ይዘሃል? አግብተሃል? እንግዳ ታሳድራለህ? ከመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ፣ ደሞም ተያዥ ታመጣለህ። እስከ መቼ ነው የምትቆየው?»

«ይህ በር ከየት የመጣ ነው?» አልኋቸው።

«እሱማ የአንድ ትልቅ ዶክተር ነው። ይህን አገር ሊያለማ ነበር፤ አንዲት ከዐረብ አገር የተባረረች ልጅ አባረረችብን።»

«ተያዥ ነበረው?»

«ማን?»

«ዶክተሩ።»

በግርምት አዩኝ። «እሱ እኮ እንግዳ ነው!»

ከዚያ ተነሥቼ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ዳር ሄድሁ። ሰዓዳ ዛሬ የእናቷን መጥበሻ ይዛ ሰፊ የዓሣ ቤት ከፍታለች፤ ሁለት ልጆችም አሏት። ነገሩን ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ተያዥ አምጣ አሉህ? እኔ እይዝሃለሁ። ንግድ ፈቃዴንም ይዤ እመጣለሁ።»

ሰኞ አብረን ሄድን። ሰው መናቅ ለመምህር አያምርም ይላሉ፤ ለተማሪዎቼም እንዲሁ እነግራቸዋለሁ። ግን ንቀት አንዳንዴ ቦታውን ያገኘ የሒሳብ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። አቶ ደምሴ ልጅቱን ሲያዩ ፊታቸው እንደ ዝናብ ሰማይ ጠቆረ፤ ይሁን እንጂ ንግድ ፈቃዷ የታደሰ፣ ማኅተሙም የተስተካከለ ነበርና አገላብጠው መለሱላት። እጃቸው እየዘገየ ወንበር ሳቡላት፤ ፊቱን ወደ ግቢው በር አድርገው።

ሰዓዳ ወንበሩን አነሣች፤ አዞረችው፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተደላድላ ተቀመጠችና «የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለች።