የሁዳዴ ወተት

ወተት ለሚሸጥ ቤት ሁዳዴ የዓመቱ ክፉ ጊዜ ነው። ሌላው ሰው በቅበላ ሥጋውን ሲሰናበት እኛ ደንበኞቻችንን እንሰናበት ነበር። የረቡዕና የዓርቡ ጾም ቀላል ነው፤ በእነዚያ ቀናት የታለበውን ሚስቴ ታረጋዋለች፣ ትንጠዋለች፣ ቅቤ ታወጣለች። ሁዳዴ ሲገባ ግን ቅቤው እስከ ፋሲካ ገዢ የለውም፤ ላሟ ደግሞ ፋሲካን ጠብቃ አትበላም። መኖዋ በየቀኑ ይገዛል። ልጆቹም በየቀኑ ይበላሉ።

የምንኖረው የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። እኔ በንጉሡ ጊዜ የአንድ ባለርስት ባሕር ዛፍ እየፈለጥኩ ነበር የምኖረው። አብዮቱ ሲመጣ ባለርስቱ ሄደ፣ ደኑ የመንግሥት ሆነ፣ ጥበቃ ቆመበት፣ እኔም ከነመጥረቢያዬ ተባረርኩ። መሬት ላራሹ ተባለ፤ ለፈላጩ ምን እንደደረሰው የነገረኝ የለም። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት መገናኛ ወርጄ የቀን ሥራ እየጠበቅኩ እቆም ነበር። አንዳንድ ቀን ይገኛል፣ ብዙውን ቀን አይገኝም። ሲመሽ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት የልጆቼ ታላቅ ከሚሆኑ ጎረምሶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀሁ እል ነበር። ይህን ዛሬ መጻፍ የቻልኩት በዚያ ነው። ቤቱን ያቆመችው ግን እኔም አይደለሁም፣ ቀበሌውም አይደለም፤ ላሟ ናት። ላሟ ደግሞ የሚስቴ ናት። አባቷ ከተራራው ማዶ፣ ከሱሉልታ በኩል፣ የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ ጊደር ሆና እየጎተተ ያመጣላት ናት።

የዚያን ዓመት በቅበላ ማግስት ቁርጡን ነገርኳት።

"ይህን ሁዳዴ አንዘልቀውም። እንሽጣት። ኮተቤ ያለውን የከብት ነጋዴ አነጋግሬዋለሁ።"

ትንሹን ልጅ እያጠባች ነበር። ቀና አላለችም።

"እስከ ሆሳዕና ታገሠኝ" አለች። "እስከዚያ የላሟን መኖ የሚችል ገበያ ካላገኘሁ፣ ገመዱን በራሴ እጅ ለነጋዴው አስጨብጠዋለሁ።"

"በሁዳዴ ወተት የሚጠጣው ማን ነው?"

"የማይጾም ሰው።"

"እሱን የት ታገኚዋለሽ?"

"ሲግናል። ጉርድ ሾላ። አንተ ስትገተርበት የምትውለው መገናኛ ያለው ሱቅ የማን ነው? ስንት ዓመት እዚያ ቆመህ የእስላሙን ቤት ከክርስቲያኑ አልለየህም?"

ሰው የሚናደደው እውነት ሲነገረው ነው። ይባስ ብዬ ክፉ ነገር ተናገርኩ፤ እሷ ወተት ይዛ ስትዞር ትልቋ ልጃችን ከትምህርት ቤት ቀርታ ሕፃኑን ትያዝ አልኩ። "ሴት ልጅ ሁለት ወር ብትቀር ምን ይጎድላታል?"

ያን ጊዜ ቀና አለች። "አንተ ጢም ካወጣህ በኋላ ፊደል ስትቆጥር፣ ማነው ምን ይጎድልሃል ያለህ? ልጄ አንድ ቀን አትቀርም።"

በማግስቱ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ሕፃኑን አዝላ፣ ክዳን ያለውን ባልዲ ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች። መካከለኛዋን፣ የአራት ዓመቷን ልጅ ለእኔ ተወችልኝ። ሥራ ባገኘሁ ቀን ጎረቤት ትውላለች፣ ባላገኘሁ ቀን እኔ ላይ ትውላለች፤ እኔ ላይ የዋለችው ይበዛል።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሲግናል አካባቢ ያለች የአንድ ባለሱቅ ሚስት ነበረች። ሚስቴ እንደነገረችኝ ሴትየዋ በሩን ከፍታ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ አየችና፣ "አንቺ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ? በጾም ወተት ይዘሽ ትዞሪያለሽ?" አለቻት።

"የምጾመው እኔ ነኝ፤ ላሚቱ አትጾምም።"

ሴትየዋ ስቃ ገዛች። አፍልታ አየችው፤ አልተበጠሰም፣ ውሃም አልነበረበትም። ለጎረቤቶቿ ነገረች። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት የሾፌር ሚስት፣ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከዚያም የእነሱ ዘመዶች እየተጨመሩ ባልዲው ባዶውን መመለስ ጀመረ። ሚስቴ ከሲግናል መልስ መኖውን ትገዛለች፣ ምሳ ትሠራለች፣ በረቱን ትጠርጋለች፣ ትልቋ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደብተሯን ዘርግታ ታስነብባታለች። እሷ ራሷ ማንበብ አትችልም። ልጅቱ ስታነብ ፊቷን እያየች፣ የተንተባተበችበትን "ድገሚው" ትላታለች።

የሰፈራችን ሰው ደግሞ ሥራ ፈት አይደለም። "በጾም ወተት ይዛ እስላም ሰፈር ለሰፈር ትልከሰከሳለች" ተባለ። ሚስቴ ሰማች። "ወሬያቸው ላም የሚበላው ቢሆን ኖሮ መኖ አልገዛም ነበር" አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከዚያ አንድ ጠዋት ባልዲው እንደ ሞላ ተመለሰ።

በሩ ላይ አስቀምጣው ተቀመጠች። ሕፃኑን ከጀርባዋ እንኳ አላወረደችም። የባለሱቁ ሚስት፣ "ወተትሽ ጠላ ጠላ ይላል። ባለቤቴ አፉ ውስጥ እንዳደረገው ተፋው። ልጆቼን መጠጥ ልታስለምጂብኝ ነው?" ብላ በሩን ዘግታባታለች። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሌሎቹም ቤት ደርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ ቀጥሎ ያለችው ጎረቤታችን ጠላ ትሸጣለች። አተላዋን በርካሽ እንወስድ ነበር። ፉርሽካ በማኅበር በኩል ለአባል ብቻ ነው የሚታደለው፤ እኛ ደግሞ አባል አይደለንም። በጋው ሲጠና ሣሩ አለቀና አተላውን አበዛንላት። የሰፈራችን ክርስቲያኖች ያንን ወተት ዓመቱን ሙሉ ጠጥተው አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኛ ሰፈር ጠላ ጠላ የማይል ምን አለ? ሚስቴም ከቅበላ ወዲህ ወተት በአፏ አልዞረም። በጾም ወተት የሚሸጥ ጾመኛ የሚሸጠውን አያውቀውም።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ተገላገልኩ ነው ያልኩት።

"ነጋዴውን ልጥራው?"

"ሆሳዕና ደርሷል?"

"አልደረሰም።"

"እንግዲያው አትጥራው። ወተቱን ላርጋው፤ አንተ ማጭድ ፈልግ። ከዛሬ ጀምሮ ላሜ አተላ አትቀምስም፤ ሣር ያስፈልገኛል።"

"በመጋቢት ሣር ከየት ይመጣል?"

"ያን ሁሉ ዓመት ተራራው ላይ ስትፈልጥ ዓይንህ ያየው ግንድ ብቻ ነው?"

ዓይኔ ያየው ግንድ ብቻ አልነበረም። ከእንጦጦ ሆድ ውስጥ አንድ ሸለቆ አለ፤ ባሕር ዛፉን አልፎ አሮጌዎቹ ጥዶች ሥር፣ ምንጩ በበጋም የማይደርቅ። ስንፈልጥ ውሃ የምንጠጣው እዚያ ነበር። ዳር ዳሩ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። ሳልነግራት ሌሊቱን አሰብኩበት፤ ሲነጋ ማጭዴን ይዤ ወጣሁ።

ጥበቃው ድሮ አብሮኝ ግንድ ይጎትት የነበረ ሰው ነው። ዛሬ ካፖርት ለብሶ፣ አሮጌ ጠመንጃ ተሸክሞ፣ እንደማያውቀኝ ሆኖ አየኝ።

"መጥረቢያ ይዘሃል?"

"ማጭድ ነው።"

አየው፤ ዙሪያውን አየ፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ማጭዱማ ቀዩ ባንዲራ ላይ አለ፣ ምን እልሃለሁ? መዶሻ ብትጨምርበት ቀጥ ብዬ ሰላምታ እሰጥህ ነበር። እለፍ፤ እንጨት ግን እንዳትነካ።"

እንዲህ ያለውን ቀልድ ሌላ ቦታ ቢናገረው ኖሮ ዕድሜው አጭር ነበር። አልሳቅኩለትም። አለፍኩ።

ሣሩን አስሬ ተሸክሜ ስወርድ ቅጠል ለቃሚ ሴቶች መንገድ ላይ አገኙኝ። እነሱ ከእኔ ሸክም ሦስት እጥፍ ተሸክመው ወገባቸው ተጣጥፏል፤ ለመሳቅ ግን ትንፋሽ አልጠፋቸውም።

"አያ፣ ራትህ ነው?" አለችኝ አንዲቱ።

"ለላም ነው።"

"የታደለች ላም! የእኔው ባል ለእኔም አጭዶልኝ አያውቅ።"

በየቀኑ ወጣሁ። ወገቤን አመመኝ፣ ተሳደብኩ፣ ወጣሁ። አተላ ሻጯ ጎረቤታችን አኮረፈች። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ሚስቴ የጠዋቱን ወተት በሲኒ ቀድታ ወደ እኔ ዘረጋችው።

"ቅመስልኝ። ሽታው ይሂድ አይሂድ ማወቅ አለብኝ።"

"እኔስ ጾመኛ አይደለሁም እንዴ?"

"ዓመቱን ሙሉ በሐሜት ሰው የምትበላበት አፍ ዛሬ ጉንጭ ወተት ፈራ?"

አልቀመስኩም። ቄሶቹን አልወዳቸውም፤ ጾሙ ግን የእናቴ ነው። ሲኒውን ለአራት ዓመቷ ልጅ ሰጠቻት።

"ጠላ ጠላ ይላል?"

ልጅቱ እስከ ታች ጨለጠችው። "ድገሚልኝ" አለች። ሁለተኛውንም ጨለጠች። "አሁንስ?" ብትላት ሲኒውን መልሳ ዘረጋች። ለተራበ ልጅ ክፉ ወተት የለም፤ ከእሷ የሚገኝ ምስክርነት አልነበረም። ሚስቴ ሲኒውን አጥባ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ያን ቀን የቀን ሥራ አልነበረም። ባልዲውን አስይዛኝ፣ ሕፃኑን አዝላ፣ ልጅቱን በእጇ ይዛ ቀደመች። ወንድ ወተት ተሸክሞ ሲግናል ሲገባ ያየኝ ሁሉ ዞር ብሎ አይቶኛል። ይየኝ።

የባለሱቁ ሚስት በሩን ገርበብ ብቻ አደረገችው። በዕድሜ የሚስቴ ታላቅ ናት።

"አልፈልግም ብዬሽ የለ?"

"ይግዙኝ ብዬ አልመጣሁም" አለች ሚስቴ። "አተላውን ትቻለሁ። አሁን የምትበላው የተራራ ሣር ነው። እኔ ጾም ይዣለሁ፣ መቅመስ አልችልም። እርስዎ ይቅመሱልኝና ይሸጥ እንደሆነ፣ አይሸጥ እንደሆነ ይንገሩኝ። አይሸጥም ካሉኝ እዚሁ ደጅዎ እደፋዋለሁ።"

ሴትየዋ ሲኒውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። "እሱስ መቅመስ አይችልም?"

"እሱ የሚጾመው ወተት ብቻ ነው፤ ሰው አይጾምም።"

በሩ ተከፈተ። ሴትየዋ እየሳቀች ሲኒውን ተቀበለች። አሸተተችው። ትንሽ ተጎነጨችና አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች። ባልዲው እጄ ላይ ከበደኝ። እዚያ ደጅ ላይ ቆሜ፣ ላሟ እንድትሸጥ የፈለግኩት ሰውዬ፣ ሴትየዋ እንዳትተፋው ስመኝ ራሴን አገኘሁት። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም፤ ወደ ውስጥ ዞራ አማቷን ጠራች። አሮጊቷም ቀመሱ።

"ሣር ሣር ይላል" አሉ አሮጊቷ። "የልጅነቴ ወተት ነው።"

አንድ ጣሳ ብቻ ገዙ። "ነገ አምጪ" አለች የባለሱቁ ሚስት። "ነገም ግን ሳልቀምስ አልገዛሽም።"

"ሁልጊዜ ይቅመሱ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲኒው ከነጠላዋ አልተለየም። በየደጁ መጀመሪያ ታስቀምሳለች፣ ከዚያ ትሸጣለች። ውሃ የሚቀላቅሉት ሻጮች ይህን ማድረግ አልቻሉም። የተዉን ተመለሱ፣ ያልነበሩ ቤቶችም ተጨመሩ፤ "የቀምሰሽ ግዢዋ ሴት" እያሉ ልጅ ልከው ጉርድ ሾላ መንገድ ላይ ይጠብቋት ጀመር። ዛሬ እንዲህ ያለ ስም ለማግኘት ለሬዲዮ ማስታወቂያ የሚከፍሉ አሉ።

ሆሳዕና ደረሰ። ነጋዴው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘንባባ ጣቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ገመድ በክንዱ ይዞ መጣ። ሚስቴ ከሲግናል ገና መግባቷ ነበር። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

"ባልሽ ይሸጣል ብሎኝ ነው" አላት።

ሚስቴ ባልዲውን ገልብጣ አሳየችው። ጠብታ አልወረደም። "ባሌ የለም" አለችው። "ሣር ሊያጭድ ሄዷል።"

ሰውየው እኔን አየ። እኔ እሷን አየሁ። ግድግዳው ላይ የተሰካውን ማጭድ አውጥቼ ሄድኩ።

ፋሲካ ጠዋት ደጃችን ሰው ሞላው። ሁዳዴን ሙሉ ያልነበሩት የሰፈራችን ደንበኞች ጠርሙሳቸውን ይዘው እንኳን አደረሳችሁ እያሉ ቆመዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስትም አለችበት። ወተቱ ለሁሉም አይበቃም። እኔ የማውቀውን ፍርሃት ፈራሁና ሚስቴን ወደ ጓሮ ጠራኋት።

"ለሊቀመንበሩ ሚስት አስቀድሚ። ሰውየውን ታውቂዋለሽ።"

"በሁዳዴ ስንት ቀን ላከብኝ?"

"ነገር አታምጪብን።"

"ከሲግናል ከተረፈ ለእነሱ። ለሴትየዋ ከሁዳዴው ቅቤ እሰጣታለሁ፤ ለዶሮዋ ከወተት ይልቅ ቅቤው ይሻላታል።" ሄዳም እንዲሁ ነገረቻት። ሴትየዋ ፊቷን አጨፍግጋ ቅቤውን ያዘች፤ ክፉ ነገርም አልመጣብንም። ሌሎቹ አጉረመረሙ። "የሰፈርሽን ሰው ትተሽ!" ያላትም ነበር። "ከነገ ወዲያ ይበቃችኋል፤ ዛሬ ግን በጾሙ ያልጣሉኝን አልጥልም" አለች።

ሕፃኑን አዘለች። ባልዲውን ልታነሣ ስትል ቆመች፤ ሲኒውን ፈታ ቀዳችና ከቅበላ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ቀመሰችው። አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች፣ ልክ እንደ ባለሱቁ ሚስት። ደግማ ቀድታ ለእኔ ሰጠችኝ።

ጠጣሁት። ያን የመሰለ ወተት በዕድሜዬ ጠጥቼ አላውቅም።

"እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ውሃ ነው" አልኳት።

"ነገም ማጭዱን እንዳትረሳ" አለችና ሲኒውን ቋጥራ ቁልቁለቱን ወረደች።